በቆርቆሮው ውስጥ የሌለው ቁራጭ

ባለፈው ሰኔ ሃያ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በከባድ ኬብል ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለው መርክነህ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ምክንያቱን የሚገልጸው ዐረፍተ ነገርም አንድ ብቻ ነው፦ «በሱሉልታው የውሃ ፓምፕ ጣቢያ የደረሰው ቃጠሎ በሠራተኛው የእጅ ሥራ ጉድለት የተከሠተ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ»። «ተረጋገጠ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በምን እንደ ተረጋገጠ የሚናገር ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ደብዳቤውን ከጻፈው የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት በጡረታ ከተገለልሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስሜ በደብዳቤው ላይ የለም፤ የከሰሰኝም ሰው የለም። ዝም ብል የሚወቅሰኝ አይኖርም ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር እንዴት እንደሚጻፍ ዐውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ እኔም ጽፌዋለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ሰበታ የተመደብሁት ሁለተኛ ዲግሪዬን በያዝሁ በስድስተኛው ወር ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ የኬብል መጋጠሚያዎች ስለሚፈጥሩት ሙቀት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ማስረጃዬን ገለባበጡና «ይሄ ሁሉ ወረቀት ለሰበታ ጭቃ?» አሉኝ። «ቢሮ ይሻልሽ ነበር፤ ሜዳው ለሴት አይመችም።» ለማን እንደሚመች አልነገሩኝም። ውሌን ፈርሜ፣ ቦቲዬን ተረክቤ፣ በማግስቱ ወደ ሜዳ ወጣሁ።

ሜዳው የኦቦ ጉርሜሳ ነበር። ኦቦ ጉርሜሳ የከባድ ኬብል ቡድን መሪ፣ የቡራዩ ሰው፣ ትምህርትን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጡ፣ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ናቸው። ረዥም ነበሩ፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ስለ ነበር ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው ጎንበስ ይል ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት በተማርሁት ኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ብዬ ሰላም አልኋቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣

«ኢንጂነር፣ የጥፍር ቀለም አለሽ?» አሉኝ።

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ።

«የለኝም» አልሁ።

«እንግዲያ ግዢ። ቀይ ይሁን።»

መሳለቂያ ሊያደርጉኝ የፈለጉ መስሎኝ ሁለት ቀን አላነጋገርኋቸውም። በሦስተኛው ቀን ቡድኑ ሲሠራ ቆሜ አየሁ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ተጨምቆ ሲያልቅ ኦቦ ጉርሜሳ ከኪሳቸው ያለቀ የጥፍር ቀለም ብልቃጥ ያወጡና፣ የብሩሹን ቅሪት እያሻሹ፣ ከኬብሉ ልባስ ወደ መዳቡ የምትሻገር አንዲት ቀጭን መሥመር ያሰምራሉ። መሥመሯ ሁለት ነገር ትናገራለች። ስትሰመር «ይህን ጨርሼ ፈርሜበታለሁ» ትላለች፤ ከወራት በኋላ ተሰብራ ከተገኘች ደግሞ «ኬብሉ ተንሸራቷል» ትላለች። በሕይወቴ የመጀመሪያውን የጥፍር ቀለም የገዛሁት ሰበታ ገበያ ነው። ሻጭዋ «ለሠርግ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለትራንስፎርመር ነው» አልኋት።

ለማያውቀው አንባቢ ሥራውን ባጭሩ ላስረዳ። ካፒኮርዳ የምንለው የወፍራም ኬብልን ጫፍ ከትራንስፎርመር ወይም ከማከፋፈያ ሳጥን ጋር የሚያያይዘውን የመዳብ ጫማ ነው። የኬብሉ ሽቦ በጫማው ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በሃይድሮሊክ ፕሬስ ይጨመቃል። ፕሬሱ እጀታ፣ ዘይት የያዘ አካል፣ ከፊቱም ሠራተኛው «ጥርስ» የሚላቸው ሁለት ተነቃይ ብረቶች አሉት። እጀታው በተጫነ ቁጥር ዘይቱ ጥርሶቹን ያቀራርባቸዋል፤ ግፊቱ ሲሞላ በውስጡ ያለችው መዝጊያ ራሷን ትለቅና «ጠቅ» ትላለች። በዚያች ቅጽበት በቱቦው ውስጥ ያሉት ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ከቱቦው ጋር አንድ ብረት ሆነው መገኘት አለባቸው። ካልሆኑ በመካከላቸው አየር ይቀራል፤ መጋጠሚያው ቀስ በቀስ ይግላል፤ ቀኑ የማይታወቅ እሳትም ይጠብቃል። ከውጭ ሲታዩ ግን በደንብ የተጨመቀውም በደንብ ያልተጨመቀውም እኩል ያምራሉ። የሥራ ዘመኔ ያለፈው ይህን እኩል ማማር በመጠራጠር ነው።

ኦቦ ጉርሜሳ ጥርጣሬውን በመጋዝ ይፈቱት ነበር። አዲስ ፕሬስ ወይም አዲስ ጥርስ ከመጋዘን በወጣ ቁጥር፣ ከዚያም በየወሩ፣ በቁራጭ ኬብል ላይ አንድ ካፒኮርዳ ይጨምቁና በብረት መጋዝ ከመካከሉ ይከፍሉታል። የተከፈለውን ፊት በአሸዋ ወረቀት ያሹታል፤ ወደ ፀሐይ ያዞሩታል። የሽቦዎቹ ክብ ቅርጽ እየለየ የሚታይ ከሆነ «ገና ሽቦ ነው» ይላሉ። ፊቱ እንደ ሳንቲም ሙሉ ከሆነ ዝም ይላሉ፤ የእርሳቸው ዝምታ የምስክር ወረቀት ነው። ግማሹን ቁራጭ የፕሬሱን ቁጥርና ቀኑን በምስማር ጭረው በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖሩታል። መጋዝ መሳቡ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። አንድ ቀን፣

«ጠቅታው ከተሰማ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጆሮ ይታለላል፣ ኢንጂነር» አሉኝ። «መጋዝ ማንን ፈርቶ ይዋሻል?»

ጥናቴ ዘጠና አራት ገጽ ነበር። ይህ ዐረፍተ ነገር በውስጡ የለም።

አሁን ወደ ስሕተቴ እመጣለሁ። በዚያው ዓመት ኦቦ ጉርሜሳ ዘመድ ሞቶባቸው ለለቅሶ ወደ ሆለታ ሄዱ። ቡድኑ በአንድ የሰበታ ፋብሪካ አዲስ ትራንስፎርመር ያገናኝ ነበር፤ ኃላፊነቱ በእኔ ላይ ወደቀ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሰዓቱን እያየ ከኋላዬ ቆሟል። ጄኔሬተሩ ይጮኻል። እጀታውን የሚጫነው ቶለሳ የሚባል የሰበታ ሰው ነበር፤ በቡድኑ ውስጥ ከኦቦ ጉርሜሳ ቀጥሎ አንጋፋው እርሱ ነው። በአሥራ አንደኛው ካፒኮርዳ ላይ ቶለሳ ቀና ብሎ፣

«ጋኤ?» አለኝ።

ይህች የኦሮምኛ ቃል ሁለት ነገር ትላለች። «ደረሰ» ትላለች፤ «በቃ»ም ትላለች። በኦቦ ጉርሜሳ ቡድን ውስጥ ግን ትርጉሟ አንድ ብቻ ነበር፤ ጠቅታውን የሰማ ሰው ብቻ የሚላት ማረጋገጫ ነበረች። ቶለሳ በጄኔሬተሩ ጩኸት ጠቅታውን መስማት ስላልቻለ፣ «አንቺ ሰምተሻል ወይ?» ማለቱ ነበር። እኔ ኦሮምኛን ከገበያና ከታክሲ የለቀምሁ ነኝ፤ «ይበቃል ወይ?» ያለኝ መሰለኝ። ጥርሶቹን አየሁ፤ ሊገጥሙ የወረቀት ውፍረት ያህል ቀርቷቸዋል። ዞር ብዬ ሥራ አስኪያጁን አየሁ።

«ጋኤ» አልሁ።

ቶለሳ እጁን አነሣ። አሥራ ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረግን። በሁለቱም ላይ ቀዩን መሥመር ያሰመርሁት እኔ ነኝ።

አምስት ሳምንት ቆይቶ አሥራ አንደኛው ተቃጠለ። ወይዘሮ ብዙነሽ የምትባል የፋብሪካው ጽዳት ሠራተኛ በሳጥኑ አጠገብ ስታልፍ ነበልባሉ ቀኝ እጅዋን ያዘው። እኔም ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፍሁ። በደንብ የተገነባ ሪፖርት ነበር፤ ሠንጠረዥ ነበረው፣ ቀመር ነበረው፣ መደምደሚያውም «አደጋው በመጋጠሚያው ዕቃ የጥራት ጉድለት የተከሠተ መሆኑ ተረጋግጧል» የሚል ነበር። ኃላፊው አመሰገኑኝ። ዕቃ አይከራከርም።

ኦቦ ጉርሜሳ ከሆለታ ተመልሰው ነበርና ነገሩን ከቶለሳ ሰሙ። መብራት አስጠፍተው አሥራ ሁለተኛውን ካፒኮርዳ ቆርጠው አወጡና በመጋዝ ከፈሉት። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ግማሹን በሪፖርቴ ግልባጭ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። እርሳቸው በመስኮቱ አጠገብ ቆመዋል።

«ኢንጂነር፣ ያን ዕለት ጋኤ ያልሽው ለማን ነው?» አሉኝ። «ለካፒኮርዳው ነው ወይስ ለሥራ አስኪያጁ?»

ሪፖርቱን ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስመለስሁና በአንድ ገጽ ሌላ ጻፍሁ፤ ጥፋቱን በስሜ አደረግሁት። ዕድገቴ ለሁለት ዓመት ታገደ፤ ወደ ቡራዩ ወርክሾፕም ተዛወርሁ። ከመዛወሬ በፊት ወይዘሮ ብዙነሽን ቤቷ ሄጄ አየኋት። አልተቆጣችም። እጅዋን እያገላበጠች «ጨርቅ መጭመቅ አቃተኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሙያዬን ግስ፣ «መጭመቅ»ን፣ ያለ እርሷ ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።

ቡራዩ የቅጣት ቦታ ተብሎ ተሰጠኝ፤ የሕይወቴ ምርጥ ዓመታት የሆኑት ግን እነዚያ ናቸው። ኦቦ ጉርሜሳ ለቤታቸው ስለሚቀርብ ዝውውር ጠይቀው ተከተሉኝ፤ ምክንያቱ ቤታቸው ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ የግዢ ቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንሁ፤ ለሁሉም ወረዳ የሚገዙትን ፕሬሶች የምንመርጠው እኛ ነበርን። ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ፤ ዕቃውን እርሳቸው ያሠቃያሉ።

ሻጮች በሚያብረቀርቅ ሣጥን ይዘው ይመጡ ነበር። ከነዚህ አንዱ ክራባት ያሰረ ጎልማሳ ሣጥኑን ከፈተና፣

«ኢንጂነር፣ ይሄ የአውሮፓ ሥራ ነው» አለኝ።

«የት ላይ ነው ያለው?»

«ይኸው፣ ተጽፎበታል።»

ኦቦ ጉርሜሳ ከጥግ ሆነው «በእኔ አህያ ላይም ፈረስ ብዬ ልጽፍበት እችላለሁ» አሉ። ከዚያ ጥርሱን አንሥተው ጫፉን በሞረድ ሳብ አደረጉት። ሞረዱ ሳሙና ውስጥ እንደሚገባ ገባ። «ይሄ ዘንድሮ ጥሩ ነው» አሉት። «የሚመጣው ዓመት ግን በልቶ በልቶ አፉ ይሰፋል። አፉ የሰፋ ጥርስ ይገጥማል፣ ጠቅ ይላል፣ ሽቦውን ግን አይጨምቅም። ያኔ ሠራተኛው ምን ያድርግ? ሁሉን ነገር ደግ አድርጎ ይሠራና እሳት ያስነሣል።»

ይህን ንግግራቸውን በዚያው ዕለት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። አሁንም ከፊቴ አለ።

ዘላቂ ፕሬስ የምለየው ከእርሳቸው በተማርሁት መንገድ ነው። ጭንቅላቱ ከአንድ ወጥ ብረት የተቀረጸ ይሁን፤ በብየዳ የተቀጣጠለ አንገት ውሎ አድሮ ይከፈታል። እጀታው ይረዝም እንደ ሆነ እንጂ አያጥር፤ አጭር እጀታ ሠራተኛውን ያደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ጠቅታውን ሳይጠብቅ «በቃ» ይላል። ዘይቱን የሚይዘው ጎማ እዚሁ ከተማ ውስጥ ተለዋጭ የሚገኝለት ይሁን። አንድ ፕሬስ በሚገባ ከሠራ በኋላ ጫናው ተለቆለት ሌሊቱን በወረቀት ላይ ይደር፤ ጠዋት ወረቀቱ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ከታየ ሻጩ ሣጥኑን ይዞ ይሂድ። የሚገርመው ግን ሱሉልታ ነበር። ቡራዩ ላይ ያለ እንከን የሚሠራ ፕሬስ ሱሉልታ ላይ በጥቅምት ጠዋት ይለግማል፤ ብርዱ ዘይቱን ያወፍረዋል፤ እጀታውም ይመለሳል እንጂ ጥርሱ አይራመድም። ስለዚህ የመጨረሻውን ፈተና ሁልጊዜ እዚያ እናደርግ ነበር፤ ማለዳ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ።

መርክነህን ያወቅሁት በዚያ ፈተና ነው። ከወላይታ መጥቶ በግንባታ ሥራ ላይ የቆየ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የጸሎት ቤት ዘማሪ ነበር፤ እጀታውን የሚጫነው በመዝሙር ምት ነው። በአስፋልቱ ዳር ተንበርክኮ ሲጫን ሯጮች በቡድን በቡድን ያልፋሉ። አንዷ ሯጭ ሳትቆም፣

«አይዞህ ወንድሜ፣ ጨርሰሃል!» አለችው።

«አንቺ ሮጠሽ ሜዳሊያ፣ እኔ ተንበርክኬ ወገብ!» ብሎ መለሰላት።

ኦቦ ጉርሜሳ ጆሯቸውን ወደ ፕሬሱ አስጠግተው ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ ጌታን በልብህ አመስግን» አሉት። «ጠቅታውን ልስማበት።»

መርክነህ መዝሙሩን አቆመ። ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ተጫነ። ጠቅ አለ። እጁን ግን አላነሣም፤ ወደ እርሳቸው አየ።

«ጋኤ» አሉ ኦቦ ጉርሜሳ። ያኔ አነሣ። ወደ እኔ ዞረው «ይሄን ሰው ያዢው» አሉኝ። ያዝሁት። ጡረታ እስክወጣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እጁ ከቃሉ ሲቀድም አላየሁም።

ኦቦ ጉርሜሳ ጡረታ ሲወጡ ቆርቆሮዎቹን ለእኔ አስረከቡኝ፤ በመዝገብ ሳይሆን በእጅ። እኔም በተራዬ የመጋዙን ፈተና በመመሪያ ላይ አንቀጽ አድርጌ ጻፍሁት፤ ያለ ቁራጭ ከመጋዘን የሚወጣ ፕሬስ እንዳይኖር። ጡረታ ስወጣ ቆርቆሮዎቹን ለተተኪዬ አስረከብሁ። ትሑት ሰው ነው፤ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። በስድስተኛው ወር አንቀጹ «ጊዜ አባካኝ» ተብሎ መሠረዙን ሰማሁ። በስምንተኛው ወር በሞረዱ ፈተና የወደቀው ዓይነት ፕሬስ በብዛት መገዛቱን ሰማሁ። ዝም አልሁ። የጡረተኛ አስተያየት የሚቀመጥበት ፋይል እንደሌለ ዐውቅ ነበር።

ከዚያ የሱሉልታው ፓምፕ ጣቢያ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ ከተማው ግን አሥራ አንድ ቀን ውሃ አጣ። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ጣቢያውን ለአንድ ሰዓት ያህል ጎብኝቶ ተመለሰ። መጋጠሚያውን የሠራው መርክነህ ተጠራ።

«የተሰጠኝን ጥርስ ገጠምሁ። ገጠመ። ጠቅ አለ። ቀለም ቀባሁ» አላቸው።

«ታዲያ ለምን ተቃጠለ?» አሉት።

«እሱን መጋዝ ይጠየቅ» ብሎ መለሰ። በቃለ ጉባኤው ላይ ይህ መልስ «ሠራተኛው አሳማኝ ምክንያት አላቀረበም» ተብሎ ተመዝግቧል።

የመጋዘኑ ሠራተኛ የድሮ ባልደረባዬ በመሆኗ የተቃጠለውን ካፒኮርዳ አሳየችኝ። መዳቡ ጠቁሯል። በስተኋላው ግን እሳቱ ያልደረሰበት የጥፍር ስፋት ያህል ቦታ አለ፤ በዚያ ላይ ቀይ መሥመር አለች። ቀጭን ናት፤ ቀጥ ያለች ናት፤ የመርክነህ ናት። ያቺን መሥመር እኔም በሐሰት አስምሬያት ስለማውቅ ብቻዋን ምስክር ትሁን አልልም። የምለው፣ የእርሱን ፕሬስና ጥርስ መጋዝ ሳያይ በእርሱ እጅ ላይ መፍረድ አይቻልም ነው። በወጣትነቴ የእጄን ጥፋት በዕቃ ላይ ጻፍሁ። ዛሬ እናንተ፣ ደብዳቤውን የጻፋችሁት፣ የዕቃን ጥፋት በእጅ ላይ ጻፋችሁ። የእኔን ያስመለሰኝ ሰው ነበረኝ።

በሐምሌ መጀመሪያ ቡራዩ ሄጄ ኦቦ ጉርሜሳን ጠየቅኋቸው። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጆሯቸው ጨርሶ መስማት አቁሟል፤ ሠላሳ ዓመት ጠቅታ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ የገዛ ልጃቸውን ድምፅ አይለይም። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት፤ አጥፈው መለሱልኝ። ስለ ፍትሕ አልተናገሩም፤ ስለ መርክነህ ልጆችም አልጠየቁኝም።

«ቁራጩ የታለ?» አሉ፤ ራሳቸውን ስለማይሰሙ ጮክ ብለው።

የጥያቄያቸው ባለቤት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ። ስለዚህ ደብዳቤውን የፈረሙትን የወረዳውን ኃላፊ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፦ ለመርክነህ የተሰጠው ፕሬስና ጥርስ ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ተጨምቆበት በመጋዝ ተፈትኗል ወይስ አልተፈተነም? ከተፈተነ ግማሹ ቁራጭ፣ ቁጥርና ቀን የተጫረበት፣ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ መኖር አለበት፤ ያሳዩኝ። ካልተፈተነ ፕሬሱ አሁንም በመጋዘናችሁ አለ፤ ቁራጭ ኬብልና መጋዝ እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት ነው፤ እርስዎ፣ መርክነህና እኔ ባለንበት ይከፈል። የተከፈለው ፊት ሙሉ ሆኖ ከተገኘ እኔው ራሴ ይቅርታ ጠይቄ እወጣለሁ። ሽቦዎቹ ከተቆጠሩ ደብዳቤው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀደድ።

ስለ ኮሚቴው፣ ስለ መመሪያው፣ ስለ አሠራር ለውጡ ማብራሪያ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው።

ቁራጩ የታለ?